ልዕልት ኤልሳቤጥና የማርታና የማርያም ቤት

በቅዱስ ወንጌል የተጻፈውን የማርታንና የማርያምን ታሪክ የማያውቅ ክርስቲያን የለም። ማርታ ጌታን ለማስተናገድ ስትደክም ማርያም በእግሩ ሥር ተቀምጣ ቃሉን ትሰማ ነበር። ብዙዎች ይህን ይዘው ጸሎትንና አገልግሎትን እንደ ሁለት ተቃራኒ ነገሮች ይቈጥሯቸዋል። ሁለቱ በአንድ ሰው ሊኖሩ እንደሚችሉ በሕይወታቸው ካስረዱት ሴቶች አንዲቱ በሩስያ አገር የኖረችው ልዕልት ኤልሳቤጥ ናት። በታሪኳ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኤልሳቤጥ በ1864 ዓ.ም. በጀርመን አገር በዳርምሽታት ከተማ ተወለደች። እናቷ አሊስ የእንግሊዝ ንግሥት የቪክቶሪያ ልጅ ስትሆን፣ በክብሯ ሳትመካ በጦርነት ለቈሰሉት ትጨነቅ፣ ሴቶችም ሕሙማንን ማስታመም እንዲማሩ ማኅበር አቋቁማ ትደክም ነበር። በ1878 ዲፍቴሪያ የሚባለው የጕሮሮ በሽታ ወደ ቤቷ ገብቶ ቤተ ሰቦቿ በታመሙ ጊዜ፣ እርሷው ስታስታምማቸው በሽታው ተላልፎባት ሞተች። ኤልሳቤጥ ያን ጊዜ የ14 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ድውይን መርዳት ነፍስን እስከ መስጠት እንደሚያደርስ ከእናቷ ተማረች።

በ1884 የሩስያ ንጉሠ ነገሥት ወንድም ለሆነው ለመስፍኑ ለሰርጊዮስ ተዳረች። በ1888 ከባሏ ጋር ወደ ኢየሩሳሌም ሄዳ በደብረ ዘይት ተረተር በጌቴሴማኒ የታነጸው የማርያም መግደላዊት ቤተ ክርስቲያን ሲባረክ ተገኘች። ያደገችው በሉተራን እምነት ነበር፤ በ1891 ግን አባቷ ቢያዝንባትም ማንም ሳያስገድዳት በፈቃዷ የኦርቶዶክስን እምነት ተቀበለች።

ታላቁ ፈተና በፌብሩዋሪ 1905 ደረሰ። የሞስኮ አገረ ገዥ የነበረው ባሏ በክሬምሊን ቅጥር ውስጥ በሠረገላ ሲያልፍ ካሊያየቭ የተባለ ሰው ቦምብ ወርውሮ ገደለው። ኤልሳቤጥ ድምፁን ሰምታ ሮጠች፤ በበረዶ ላይ የተበተነውን ሥጋውንም በገዛ እጇ ሰበሰበች። ክፉኛ ቈስሎ የነበረውን የሠረገላ ነጂ በሆስፒታል ስትጠይቀው፣ በሞቱ ሰዓት እንዳያዝን የጌታውን መገደል ሰወረችበት። ከዚያም ወደ ወህኒ ወርዳ ገዳዩን አነጋገረችው፤ ይቅር እንዳለችውም ነግራ ቅዱስ ሥዕል ሰጠችው። ሰውዬው አልተጸጸተም፤ በዚያው ዓመት በሞት ተቀጣ። የእርሷ ይቅርታ ግን ባለመጸጸቱ አልተሻረም።

ክቡራን አንባብያን ሆይ፤ የኤልሳቤጥን አገልግሎት ለማስተዋል ከዚህ መነሣት ይገባል። ቂም የያዘ ልብ የሌላውን ቍስል በርኅራኄ ሊያጥብ አይችልምና፤ እርሷ ድውያንን ከመንካቷ አስቀድማ ልቧን ከበቀል አነጻች።

ከዚህ በኋላ ጌጣጌጧን ሸጣ በሞስኮ ኦርዲንካ በሚባለው መንገድ ቦታ ገዛች፤ በ1909 በማርታና በማርያም ስም የእኅቶች ገዳም መሠረተች። በውስጡም ቤተ ክርስቲያን፣ 22 አልጋዎች ያሉት ሆስፒታል፣ ድኾች ያለ ዋጋ የሚታከሙበት ክፍል፣ መድኃኒት ቤትና የሙት ልጆች ማሳደጊያ ነበሩ። እኅቶቹ ጸሎታቸውን አድርሰው ሕክምና ይማሩ፣ ሕሙማንንም ያገለግሉ ነበር። እርሷም እመ ምኔታቸው ሆና ሳለች ፍራሽ በሌለው የእንጨት አልጋ ትተኛ፣ ሌሊት በሕሙማን ራስጌ ትቀመጥ ነበር። ሰውነቷ በእሳት ተቃጥሎ ሐኪሞች ተስፋ የቈረጡባትን አንዲት ወጥ ሠሪ ሽታው ሳያስጸይፋት በየቀኑ ቍስሏን እያጠበች እንዳዳነቻት ይተረካል። ኺትሮቭካ ወደሚባለው የሌቦችና የሰካራሞች ሰፈርም እየሄደች የተጣሉ ልጆችን ትሰበስብ ነበር።

በ1917 አብዮት በተነሣ ጊዜ ከአገር እንድትወጣ ብትለመን ሕሙማኗንና እኅቶቿን ትታ መሄድን እንቢ አለች። በ1918 ከትንሣኤ በዓል በኋላ ተይዛ በኡራል አውራጃ ወዳለችው ወደ አላፓየቭስክ ተወሰደች። እኅት ቫርቫራም ልትለያት ሳትወድ አብራት ሄደች። በጁላይ 18 ቀን ሌሊት ከሌሎች እስረኞች ጋር በተተወ የማዕድን ጕድጓድ ውስጥ ተጣሉ። በዚያ ጥልቅ ሳለች አጠገቧ የወደቀውን የልዑል ዮሐንስን ቍስል ከራስ መሸፈኛዋ በቀደደችው ጨርቅ እንዳሰረችለት ይነገራል። እንዲህ ከሆነ የመጨረሻው ሆስፒታሏ ያ ጕድጓድ ነበረ።

ዐፅሟ በቻይና በኩል ተጕዞ በ1921 ኢየሩሳሌም ደረሰ፤ በወጣትነቷ ስትባረክ ባየቻት በማርያም መግደላዊት ቤተ ክርስቲያንም ዐረፈ። የሩስያ ቤተ ክርስቲያን በ1992 ከሰማዕታት ጋር ቈጠረቻት። ከአገራችን ወደ ቅድስት አገር የሚሄዱ ተሳላሚዎች ጌቴሴማኒ ሲደርሱ የዚህችን ቤተ ክርስቲያን የወርቅ ጕልላቶች ያያሉ።

እንግዲህ እኛም ቅዳሴ አስቀድሰን ስንወጣ በደጀ ሰላሙ የተኛውን ድውይ አልፈን የምንሄድ ከሆነ ማርያምን ያለ ማርታ ይዘናል፤ ድውዩን እየረዳን ጸሎትን ብንተው ደግሞ ማርታን ያለ ማርያም ይዘናል። የበደለንን ሳንምር ሁለቱንም ብንሠራ ድካማችን ከንቱ ይሆናል። ይቅር የሚል ልብ፣ የሚጸልይ አንደበት፣ የሚያገለግልም እጅ እግዚአብሔር ለሁላችን ያድለን። አሜን።