ቅዱስ ያሬድ፦ የዜማ ደራሲና መምህር

ግንቦት 11 ቀን በየዓመቱ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የማሕሌታዩን የቅዱስ ያሬድን መታሰቢያ በዓል ታከብራለች። ድርሰቱ በየበዓሉ ስለሚዜም ስሙ ለምእመናን እንግዳ አይደለም። ይሁን እንጂ ደራሲነቱ ጎልቶ ሲነገር መምህርነቱ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ስለዚህ በዚህ የበዓል ጽሑፋችን ሕይወቱን በተለይ ከማስተማሩ አንጻር ልንመለከተው ወደድን።

በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት መሠረት ቅዱስ ያሬድ ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. በአክሱም ተወለደ። አባቱ በልጅነቱ ስለሞተ እናቱ ለአጎቱ ለመምህር ጌዴዎን ሰጠችው። ትምህርቱ ግን አልገባው አለ። ባልንጀሮቹ ሲቀድሙት እርሱ ወደ ኋላ ቀረ፤ መምህሩም ገሠጸው፣ ገረፈውም። ተስፋ ቆርጦ ሲሸሽ ከዛፍ ሥር ዐረፈ። በዚያም አንዲት ትል ግንዱን ለመውጣት ስትሞክር ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ስትወጣ አየ። ከትሏ ትዕግሥትን ተምሮ ተመለሰ፤ መምህሩንም ይቅርታ ጠይቆ ብሉያትንና ሐዲሳትን ጠንቅቆ ዐወቀ። ኋላ ለብዙዎች መምህር የሆነው ሰው ተማሪ የሚቸገርበትን ቦታ ከራሱ ሕይወት የሚያውቅ ነበር።

ገድሉ እንደሚነግረን ሦስት አዕዋፍ ከገነት ተልከው ሰማያዊውን ዜማ አሰሙት። ወደ አክሱም ጽዮንም ገብቶ አርያም የተባለውን የመጀመሪያ ዜማውን አሰማ። ከዚያ በኋላ ድጓን፣ ጾመ ድጓን፣ ምዕራፍን፣ ዝማሬንና መዋሥዕትን ደረሰ።

ቅዱስ ያሬድ ዜማውን በሦስት ስልት ከፈለው፤ እነርሱም ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ናቸው። ግዕዙ ጠንከር፣ ዕዝሉ ለዘብ ያለ ሲሆን፣ አራራዩ ስሙ እንደሚያመለክተው ልብን ያራራል። የድምፁ አካሄድም በምልክት ይታወቃል። ድፋት ድምፅን ይደፋል፣ ቅናት ያነሣል፣ ሒደት ያስኬዳል፣ ይዘት ይይዛል፣ ቁርጥ ይቈርጣል፣ ርክርክ ያንቀጠቅጣል፤ ጭረትና ደረትም አሉ። ደረት ስሙን ያገኘው ድምፁ ወርዶ ከሚያስተጋባበት የሰውነት ክፍል ነው። የድምፅ ሳይንስ ሊቃውንት በዘመናችን የጉሮሮ አውታሮች ሲወጠሩ ድምፅ እንደሚቀጥን፣ ሲላሉ እንደሚወፍር በመሣሪያ አረጋግጠዋል። የዜማ አባቶች ግን ይህንኑ በጆሮና በትንፋሽ መርምረው ስም አውጥተውለታል።

ምልክቶቹን ከንባቡ በላይ በጽሑፍ ያደላደሉት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሆኑ ታሪክ ያወሳል። እነርሱ እስኪነሡ ድረስ የያሬድ ዜማ አንድ ሺህ ዓመት ያህል ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ ሲተላለፍ ኖረ። በምዕራቡ ዓለም የዜማ ጽሕፈትን በመስመር ያስተካከለው ኢጣሊያዊው መነኩሴ ጊዶም የተነሣው ከቅዱስ ያሬድ አምስት መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው።

ዕውቀቱ ብቻውን ግን ዘማሪ አያደርግም። ተማሪው በመጀመሪያ ቁም ዜማውን በድምፁ ብቻ ያጠናል። ቀጥሎ በመቋሚያ እየዘመመ፣ ከዚያም በመረግድ ከበሮውን እየተከተለ፣ በመጨረሻም በጽፋት እያጨበጨበ ያንኑ ዜማ በማሕሌት ቆሞ ያገለግልበታል። ከሉማሜና ከደብረ ማርቆስ ዙሪያ ተነሥቶ ቅኔውን በጎጃም ጉባኤ ቤቶች የቀጸለ ተማሪ፣ ድጓውን ለማስመስከር ዐባይን ተሻግሮ ጋይንት ቤተ ልሔም የሚወርደው ስለዚህ ነው። መጽሐፉማ በአገሩም አለ፤ የሚሄደው ድምፁን ሰምቶ የሚያርመውን መምህር ፍለጋ ነው።

የቅዱስ ያሬድ ሕይወት ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የተደገፈውን ጦር በያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደሙ ቢፈስም ሁለቱም አልተሰማቸውም። ንጉሡ ነገሩን ባየ ጊዜ ደንግጦ የፈለገውን እንዲለምነው ነገረው። ቅዱሱም ሹመትና ወርቅ አልለመነም፤ ወደ ገዳም እንዲያሰናብተው ጠየቀ። ንጉሡም ማለለት ነበርና እያዘነ ለቀቀው። ያሬድም ወደ ሰሜን ተራሮች ሄዶ በጾምና በጸሎት እየተጋ፣ ደቀ መዛሙርትን እያስተማረ ኖረ፤ ግንቦት 11 ቀን 571 ዓ.ም.ም ተሰወረ።

እንግዲህ አክሱም የዘማሪዋን ድምፅ ብታጣም ዜማዋን አላጣችም፤ ምክንያቱም ቅዱሱ ደቀ መዛሙርት ተክቶ ነበር። በዛሬው ዘመን ዜማ በልዩ ልዩ መሣሪያ ይቀረጻል። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን መሣሪያ የተሳሳተውን ተማሪ አያርምም። አንድ መርጌታ ተተኪ ሳያፈራ ሲያርፍ መጽሐፉ ቢቀርም አካሄዱ አብሮት ይቀበራል። ስለዚህ ልጆቻችንን ወደ ዜማ ቤት ስንልክ፣ ለቆሎ ተማሪው በደጃችን ስንዘከርና መምህራኑን ስንደግፍ የቅዱስ ያሬድን በዓል በእውነት አከበርን ማለት ነው።

በረከቱ ይደርብን። መልካም በዓል።