የአድራሻ አድራሻ፦ የካቴሪና ዩሽቼንኮ ሕይወት

የኮምፒዩተር ትምህርት የሚከታተሉ ጓደኞቻችን በጀማሪነታቸው ከሁሉ የከበዳቸው ፖይንተር ወይም ጠቋሚ የሚባለው ነገር እንደሆነ ደጋግመው አጫውተውናል። እኛ የምናጠናው ሕክምና ቢሆንም ነገሩን ለመረዳት ስንጠይቅ የአንዲት ሴት ታሪክ ላይ ደረስን፤ ለእናንተም ልናካፍል ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ካቴሪና ዩሽቼንኮ በ1919 በዩክሬን፣ ቺሂሪን በተባለች ከተማ ተወለዱ። በ1937 ኪየቭ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ብዙም ሳይቆይ አባታቸው የዩክሬን ብሔርተኛ ናቸው ተብለው ታሰሩ፤ እናታቸውም ተከትለው ወኅኒ ወረዱ፤ ልጅቱም በአባታቸው ጦስ ከትምህርት ገበታቸው ተባረሩ። በዚህ ጊዜ ምግብና መኝታ ችሎ የሚያስተምራቸው ዩኒቨርሲቲ ፍለጋ እስከ መካከለኛው እስያ ተጉዘው በሳማርካንድ ትምህርታቸውን ቀጠሉ፤ በ1942ም በታሽከንት ተመረቁ። እንዲህ ያለው ጉዞ ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያሻም።

በጦርነቱ ዘመን የታንክ ማነጣጠሪያ በሚሠራ ፋብሪካ አገለገሉ። ከጦርነቱ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1950 በሒሳብ የዶክትሬት ማዕረግ አገኙ። በዚያን ጊዜ በኪየቭ ዳርቻ፣ በአንድ የቀድሞ ገዳም ሕንፃ ውስጥ፣ በሰርጌይ ሌቤዴፍ የሚመራ ቡድን ሜስም የተባለውን ኮምፒዩተር ይሠራ ነበር። 6000 ያህል የቫክዩም ቱቦዎች የነበሩት ይህ መሣሪያ በ1951 መጨረሻ መደበኛ ሥራውን ጀመረ። ዩሽቼንኮም በዚሁ መሣሪያ ከሚሠሩት አንዷ ሆኑ። ለመሣሪያው ትእዛዝ መጻፍ ግን እጅግ አድካሚ ነበር።

ችግሩን በሆስፒታል ምሳሌ እናስረዳ። በሽተኛ በእጁ የሚይዘው ፋይሉን ሳይሆን ቁጥር ያለባትን ትንሽ ካርድ ነው። ፋይሉ ያለው በካርድ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ ሲሆን ቁጥሩ አድራሻው ነው። የኮምፒዩተር ማስታወሻም እንዲሁ ቁጥር የተሰጣቸው ሣጥኖች ድርድር ነው። በአንዱ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠው የሌላ ሣጥን ቁጥር ከሆነ ያ ሣጥን ጠቋሚ ይባላል። ሐኪሙ የ15ን ፋይል አምጣ፣ የ16ን ፋይል አምጣ እያለ አዲስ ትእዛዝ ከሚጽፍ፣ በጠረጴዛዬ ላይ ባለችው ወረቀት የተጻፈውን ቁጥር ፋይል አምጣ ብሎ አንድ ጊዜ ቢያዝ ከዚያ ወዲያ የሚለወጠው የወረቀቷ ቁጥር ብቻ ነው፤ ትእዛዙ አይነካም። ቁጥሩ ከተሳሳተ ግን የሌላ ሰው ፋይል ይመጣና መድኃኒቱ ለማይገባው ይታዘዛል። በፕሮግራምም የሚደርሰው ጉዳት ይኸው ነው።

ዩሽቼንኮ በ1955 ከቮሎዲሚር ኮሮሊዩክ ጋር የአድራሻ ቋንቋ የተባለውን ሲያቀርቡ ለዚህ የአድራሻ አድራሻ የራሱን ምልክትና ደንብ ሰጡት። ቋንቋው ከአንድ መሣሪያ ጋር ያልተቆራኘ ሲሆን ፎርትራን ሥራ ላይ ከዋለበት ከ1957 ይቀድማል። ሆኖም በ2000 ጠቋሚን በመፍጠር የተሸለሙት በ1964 ግድም ፒ ኤል ዋን ለተባለው ቋንቋ ያበረከቱት ሃሮልድ ላውሰን ናቸው። የእሳቸውን ሥራ አናሳንስም። ነገር ግን የዩሽቼንኮ ጽሑፎች በምዕራቡ ዓለም ብዙ ሰው በማያነበው ቋንቋ መታተማቸው ስማቸውን ከአገራቸው ውጭ የሸፈነው ይመስለናል።

ዩሽቼንኮ ከ40 በላይ ተማሪዎችን ለከፍተኛ ማዕረግ አብቅተው በ2001 ዐረፉ። በካርድ ክፍል ውስጥ ፋይሉ በመደርደሪያው ላይ እያለ ቁጥሩ ከጠፋ ፋይሉ እንደሌለ ይቆጠራል። በገዛ ቋንቋችን የምንጽፍ ሁሉ ይህ ዕጣ ሊደርሰን ይችላል፤ መድኃኒቱም ቋንቋውን መተው ሳይሆን ቁጥሩን መመዝገብ ነው። እንግዲህ ጓደኞቻችን ጠቋሚን በሚማሩበት ቀን የእኚህን ሴት ስም በደብተራቸው ኅዳግ ላይ ይጻፉልን።