የቀለም ሰው

ሚኻይል ጽቬት እ.ኤ.አ. በ1872 አስቲ በተባለች የጣሊያን ከተማ ከሩሲያዊ አባትና ከጣሊያናዊት እናት ተወለደ። የቤተሰቡ ስም በሩሲያኛ ቀለም ማለት ነው፤ እሱም በአማርኛችን ሁለቱም ትርጉም የቀለም ሰው ሆነ።

ጄኔቭ አድጎ በ1896 ዶክትሬቱን ቢይዝም፣ ሩሲያ የውጭ ዲግሪውን አልቀበልም ስላለች በ1901 ካዛን ላይ ማስተርስ ለመሥራት ተገደደ።

ዋርሶ ሳለ የቅጠል ጭማቂን በመስታወት ቱቦ በታጨቀ የጠመኔ ዱቄት ውስጥ አሳለፈ። ዱቄቱ አንዱን ቀለም አጥብቆ፣ ሌላውን አላልቶ ስለያዘ፣ አረንጓዴውና ቢጫው ቀለበት ሠርተው ተለያዩ። በ1906 ዘዴውን ክሮማቶግራፊ አለው።

የሰማው ግን ጥቂት ነበር። የዘመኑ ዝነኛ ኬሚስት ሪቻርድ ቪልሽተተር ዘዴውን ተጠራጠረ፤ በ1915 በዕፅዋት ቀለም ምርምር የኖቤል ሽልማት ያገኘውም እሱ ነው። ጽቬት በጦርነቱ ከዋርሶ ተፈናቅሎ በ1919 ቮሮኔዥ ውስጥ በ47 ዓመቱ አረፈ። ዘዴው ያንሰራራው በ1931 ሃይደልበርግ ውስጥ ነው።

ዛሬ ላቦራቶሪዎች በጎመን ላይ የቀረ ፀረ ተባይ መርዝ ሲፈልጉ፣ ናሙናውን አስቀድመው በካርቦን ዱቄት ያጣራሉ። ካርቦኑ ጠፍጣፋ ሞለኪውሎችን አጥብቆ ስለሚይዝ ክሎሮፊሉ ተይዞ ይቀራል፤ አብዛኛው መርዝ አልፎ በክሮማቶግራፊ ይለካል። ጽቬት ያጠናው ቀለም ዛሬ የሚወገድ እንቅፋት ሆኗል፤ መለኪያው ግን የእሱ ነው።

ማኅተም አይተን ሰው ለምንመዝን ሁሉ፣ ከገበታችን መርዙን የሚለይልን ዲግሪው ያልተቆጠረለት ሰው ዘዴ መሆኑን ማስታወስ ይበጃል።