ከእንጦጦ ሥር ተነስተው አድሚራል የሆኑት ልዑል

እንጦጦ ጫፍ ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ስታዩ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ የካ፣ ኮተቤ ሁሉም ይታያል። ባሕር ግን የለም። የቆማችሁት ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ቅርብ ያለው ውሃ ቀበና ወንዝ ነው፣ እሱንም ታውቁታላችሁ። ከእንዲህ ያለ ደጋ አገር የመርከብ መኮንን ይወጣል ብሎ ማሰብ በራሱ ድፍረት ይጠይቃል። ዛሬ የምናወራው ያንን ሥራ ከመሩት አንዱ ስለነበሩት ስለ ሪር አድሚራል ልዑል እስክንድር ደስታ ነው።

በ1926 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። እናታቸው ልዕልት ተናኘወርቅ፣ አባታቸው ራስ ደስታ ዳምጠው ናቸው። የአፄ ኃይለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ማለት ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ጣሊያን ወረረን። ንጉሣዊው ቤተሰብ በባቡር ጅቡቲ ወረደ፣ ከዚያም በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሰደደ። አባትየው ግን እዚሁ ሲዋጉ ቆይተው በየካቲት 1929 ተገደሉ። የወደፊቱ አድሚራል ከባሕር ጋር የተዋወቁት በስደት ነው፤ አባታቸውንም ዳግም አላዩም።

እንግሊዝ አገር ተማሩ፤ በኋላም የባሕር ኃይሉ ምክትል አዛዥ ሆኑ። እውነቱን እንናገር፣ የንጉሥ የልጅ ልጅ ባይሆኑ በዚያ ዕድሜ እዚያ ወንበር ላይ አይቀመጡም ነበር። ሥራው ግን ቀላል አልነበረም።

ምጽዋ ላይ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የባሕር ኃይል ኮሌጅ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ ወጣቶችን ይመለምል ነበር። ባሕር አይተው የማያውቁ የደጋ ልጆችም ነበሩበት። ሥልጠናው 52 ወር ይፈጃል፣ አራት ዓመት ከአራት ወር! የኖርዌይና የእንግሊዝ መኮንኖች ያግዙ ነበር። ያኔ ጂፒኤስ የሚባል ነገር የለም፤ መሀል ባሕር ላይ የት እንዳለህ የምታውቀው የፀሐይንና የኮከብን ከፍታ ለክተህ፣ በወረቀት አስልተህ ነው። ትንሽ ከተሳሳትክ መርከቡ ሌላ ቦታ ነው። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ ከአሜሪካ የመጣችው «ኢትዮጵያ» የተባለች መርከብ የተማሪዎቹ ተንሳፋፊ ክፍል ሆነች።

በ1956 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የንግድ መርከብ ድርጅት ተመሠረተ። የጦርም ይሁን የንግድ መርከብ፣ መንገድ የማግኘት ዕውቀቱ አንድ ነው። ከምጽዋ ኮሌጅ የወጡ መኮንኖችም በኋላ በንግድ መርከቦች ላይ ሠርተዋል።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ልዑሉ ታሰሩ፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ያለ ፍርድ ከረሸናቸው ስልሳ ሰዎች አንዱ ሆኑ። ገና 40 ዓመታቸው ነበር። አፅማቸው በጅምላ ከተቀበረበት ወጥቶ አራት ኪሎ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያረፈው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

«ኢትዮጵያ»ም አልቀረላትም። በ1983 ዓ.ም. ወደ የመን ሸሸች፣ እዚያው ቀረች፣ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

ሥልጠናው ግን ቦታ ቀይሯል። ዛሬ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ያለው የማሪታይም ማሠልጠኛ ከዩኒቨርሲቲ በሜካኒካልና በኤሌክትሪካል ምህንድስና የተመረቁ ወጣቶችን ተቀብሎ ለውጭ የንግድ መርከቦች መኮንንነት ያዘጋጃል። የየካ ልጅም ቢሆን ባሕር ሳያይ ይመዘገባል፣ ልክ እንደ ምጽዋዎቹ።