ዴኒ ዲዴሮ፤ ከትርጉም ሥራ ወደ ታላቁ ኢንሳይክሎፒዲያ

ዓለም በኢንሳይክሎፒዲያ አዘጋጅነቱ የሚያውቀው ፈረንሳዊው ጸሐፊና ፈላስፋ ዴኒ ዲዴሮ የብዕር ሕይወቱን የጀመረው የእንግሊዝኛ መጻሕፍትን ወደ ፈረንሳይኛ በመመለስ ነበር፡፡ ስሙን ያስጠራው ግዙፍ ሥራም ቢሆን ሲጠነሰስ አንድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ዕውቀት ከመተርጎም ያለፈ ዓላማ አልነበረውም፡፡ ይሁን እንጂ ሥራው እየሰፋ ሄዶ ከሃያ ዓመት በላይ ዕድሜውን ወስዷል፡፡ በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡

ዲዴሮ በ1713 በምሥራቅ ፈረንሳይ በምትገኘው የላንግር ከተማ ተወለደ፡፡ አባቱ ቢላዋና ስለት ያላቸውን መሣሪያዎች በመሥራት የታወቁ የእጅ ባለሙያ ሲሆኑ፣ በተለይም ለቀዶ ሕክምና የሚያገለግሉ ስለቶቻቸው በጥራታቸው የተመሰገኑ ነበሩ፡፡ ልጃቸው ካህን እንዲሆንላቸው ይመኙ ስለነበር በከተማው በሚገኘው የኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት አስገቡት፡፡ ወጣቱ ከዚያ ወደ ፓሪስ ተሻግሮ በ1732 ከፓሪስ ዩኒቨርሲቲ በማስተርስ ዲግሪ ተመረቀ፡፡

ከምረቃው በኋላ ግን ክህነቱንም ሆነ የሕግ ሙያውን ሳይመርጥ ቀረ፡፡ አባቱ በዚህ አዝነው ይልኩለት የነበረውን ገንዘብ ስላቋረጡበት፣ ዲዴሮ የሰው ልጆች እያስጠናና ጽሑፍ እየሠራ በችግር ለመኖር ተገደደ፡፡ የእንግሊዝኛ ቋንቋን ያጠናውም በዚሁ ዘመን ነው፡፡

ቋንቋውን የተማረበት መንገድ ያልተለመደ ነበር፡፡ ከእንግሊዝኛ ወደ ፈረንሳይኛ የሚመልሱትን መዝገበ ቃላት ትቶ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ ላቲን በሚመልስ መዝገበ ቃላት ተጠቀመ፡፡ ምክንያቱንም ከዓመታት በኋላ ሲያብራራ፣ የሕዝብ መነጋገሪያ መሆኑ የቀረው ላቲን የቃላቱ ፍቺ የጸና ስለሆነ የእንግሊዝኛውን ቃል ትክክለኛ ትርጉም ለመመዘን እንደሚያመች፣ በየቀኑ የሚለዋወጡ ሁለት ቋንቋዎችን እርስ በርስ መመዘን ግን ለስህተት እንደሚዳርግ አስረድቷል፡፡

በ1743 የእንግሊዛዊውን የቴምፕል ስታንያንን የግሪክ ታሪክ በፈረንሳይኛ አቀረበ፡፡ በዚያው ዓመትም የአባቱን ፈቃድ ሳያገኝ አን አንቷኔት ሻምፒዮን የተባለችውን ወጣት በድብቅ አገባ፡፡ የትርጉም ሥራ የቤተሰቡ ዋነኛ መተዳደሪያ ሆነ፡፡ ቀጥሎ በ1745 የሻፍትስበሪን የሥነ ምግባር መጽሐፍ ከራሱ ማብራሪያ ጋር አሳተመ፡፡ ከ1746 እስከ 1748 ባለው ጊዜ ደግሞ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በመሆን እንግሊዛዊው ሐኪም ሮበርት ጄምስ ያዘጋጀውን የሕክምና መዝገበ ቃላት በስድስት ትላልቅ ጥራዞች ወደ ፈረንሳይኛ መለሰ፡፡

በዚያው ዘመን አንድሬ ፍራንሷ ለብሬቶን የተባለ የፓሪስ አታሚ፣ ኤፍሬም ቻምበርስ በ1728 ለንደን ላይ በሁለት ጥራዝ ያወጣውን ሳይክሎፒዲያ ለማስተርጎም ከጆን ሚልስ ጋር ተዋውሎ ነበር፡፡ ሆኖም ሁለቱ በገንዘብና በሥራው ጥራት ተካሰሱ፤ በ1745 አታሚው ተርጓሚውን በዱላ እስከ መምታት በመድረሱ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀረበ፡፡ የሕክምናውን መዝገበ ቃላት ያሳተሙት ሦስት መጻሕፍት ሻጮች ከለብሬቶን ጋር ተሻርከው ሥራውን እንደ አዲስ በማንቀሳቀስ፣ በ1747 ዲዴሮንና የሒሳብ ሊቁን ዣን ዳላምቤርን በዋና አዘጋጅነት ሾሙ፡፡

ዲዴሮ የቻምበርስን መጽሐፍ ሲመረምር ሁለት ጉድለቶችን አገኘ፡፡ አንደኛው፣ ቻምበርስ አብዛኛውን ጽሑፉን ከፈረንሳይ መጻሕፍት የወሰደ በመሆኑ ትርጉሙ ለፈረንሳውያን የገዛ ንብረታቸውን መልሶ ከመስጠት የማይለይ መሆኑ ነው፡፡ ሁለተኛው፣ ደራሲው መጻሕፍትን እንጂ የእጅ ባለሙያዎችን አለመጎብኘቱ ነው፡፡ ስለሆነም የትርጉሙ ዕቅድ ተለውጦ በበርካታ ምሁራን ትብብር የሚጻፍ አዲስ ኢንሳይክሎፒዲያ ሆነ፡፡

ሥራው ገና በዝግጅት ላይ ሳለ ዲዴሮ ስለ ዓይነ ስውራን በጻፈው መጽሐፍ ምክንያት በሐምሌ 1749 ተይዞ በቫንሴን ምሽግ ታሰረ፡፡ ገንዘባቸውን ያፈሰሱት አሳታሚዎች ባቀረቡት ተደጋጋሚ አቤቱታና እርሱም ዳግም መሰል ጽሑፍ እንደማያወጣ በገባው ቃል ከሦስት ወር በላይ ታስሮ ተፈታ፡፡

ከእስር ሲወጣ የቢላዋ ሠሪው ልጅ በየባለሙያው ደጅ መመላለሱን ቀጠለ፡፡ በሥራ ቦታቸው እየተገኘ ይጠይቃል፣ ይጽፋል፣ የካልሲ መሥሪያን የመሰሉ ውስብስብ መሣሪያዎችንም በቅርብ ያጠናል፡፡ እዚያ ያጋጠመው ችግርም ከትርጉም የባሰ ነበር፡፡ አንዱ መሣሪያ ከቦታ ቦታ በተለያየ ስም ይጠራል፤ ብዙ ልዩ ልዩ መሣሪያዎች ደግሞ በአንድ ስም ይጠቀሳሉ፡፡ የሙያ ቃላቱ በጽሑፍ ስላልሰፈሩ የፈረንሳይ ባለሙያ የሚናገረውን ለፈረንሳዊ አንባቢ ማስረዳት ራሱን የቻለ ትርጉም ሆነ፡፡ ከጽሑፉ ጎን የሥዕል ጥራዞች እንዲዘጋጁ የተደረገውም ቃል ብቻውን ያልበቃውን ለማሟላት ነው፡፡

የመጀመሪያው ጥራዝ በ1751 ወጣ፡፡ ብዙም ሳይቆይ በ1752 ሁለቱ የወጡ ጥራዞች በንጉሣዊ ትዕዛዝ ታገዱ፡፡ ሥራው ቢቀጥልም በ1759 የማሳተሚያ ፈቃዱ ሙሉ በሙሉ ተሰረዘ፤ የሮማው ጳጳስም መጽሐፉን አወገዙ፡፡ ዳላምቤር ከአዘጋጅነቱ ለቀቀ፡፡ የመጻሕፍት ቁጥጥር ኃላፊው ማልዘርብ ግን የዲዴሮን ወረቀቶች በገዛ ቤቱ ደብቆ ከመወረስ እንዳዳነለት ይነገራል፡፡ ዲዴሮም 17 ሺህ ገደማ ጽሑፎችን ባበረከተው በልዊ ደ ዦኩር እየታገዘ በስውር መሥራቱን ቀጠለ፡፡

ከመንግሥት እገዳ ይልቅ ልቡን የሰበረው በ1764 የደረሰበት ክህደት ነው፡፡ አታሚው ለብሬቶን ቅጣት ፈርቶ፣ ዲዴሮ አርሞ ካጸደቃቸው ገጾች ውስጥ ደፋር ያላቸውን ሐሳቦች በድብቅ ሲቆርጥ ኖሯል፡፡ ዲዴሮ ይህን ያወቀው የታተመ ጥራዝ ሲያገላብጥ ነው፡፡ በእጅጉ ቢቆጣም ሥራውን አልተወም፡፡ ቀሪዎቹ አሥር የጽሑፍ ጥራዞች በ1765 መጨረሻና በ1766 መጀመሪያ ለደንበኞች ደረሱ፡፡ በ1772 ሥዕሎቹ ሲጠናቀቁ፣ በሁለት ጥራዝ የተጀመረው የትርጉም ሐሳብ 17 የጽሑፍና 11 የሥዕል ጥራዞች ያሉት ሥራ ሆኖ ነበር፡፡

ይህን ሁሉ የደከመው ሰው ግን አልበለጸገም፡፡ ለሴት ልጁ ጥሎሽ ሲል መጻሕፍቱን ለመሸጥ በተነሣ ጊዜ፣ የሩሲያዋ ንግሥት ዳግማዊት ካትሪን በ1765 በ15 ሺህ ሊቭር ገዝተው፣ እስከ ዕለተ ሞቱ በእጁ እንዲቆዩና የቤተ መጻሕፍቱ ጠባቂ ሆኖ ደመወዝ እንዲቀበል ፈቀዱለት፡፡ በ1773 ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ተጉዞ ንግሥቲቱን አመስግኗል፡፡

ዴኒ ዲዴሮ በ1784 በ70 ዓመቱ ፓሪስ ውስጥ አረፈ፡፡ በርካታ ድርሰቶቹ ለኅትመት የበቁት ከሞቱ በኋላ ነው፡፡ ኢንሳይክሎፒዲያው ግን ከነሥዕሎቹ ዛሬም ይነበባል፤ እርሱ በየባለሙያው ደጅ ቆሞ የሰበሰባቸው የመሣሪያና የሙያ ስሞችም፣ ብዙዎቹ ሙያዎች ከጠፉ በኋላ በገጾቹ ላይ ተጠብቀው ይገኛሉ፡፡