የጉንፔ ዮኮይ አጭር የሕይወት ታሪክ

በጅግጅጋ ገበያ ስናልፍ በየሱቁ ደጃፍ ትንሽ ጠረጴዛ ዘርግተው የተበላሸ ሬዲዮና ስልክ የሚጠግኑ ሰዎችን እናያለን። ከቶጎ ውጫሌ በኩል የገባው ዕቃ አዲስ ሳለ ወደ ባለሱቁ፣ ሲሰበር ደግሞ ወደ እነሱ ይሄዳል። የአንዱን ስልክ ሆድ ከፍተው ለሌላው መድኀኒት ያወጡለታል። ብዙዎቻችን ይህን ሥራ ችግር ያመጣው ነገር ነው ብለን እናልፈዋለን እንጂ ቆም ብለን ጥበብነቱን አንመለከትም። ዛሬ ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ሰው ግን ከነዚህ ጠጋኞች አጠገብ ቢቀመጥ ኖሮ ያለ አስተርጓሚ በተግባባ ነበር። አገሩ ጃፓን፣ ስሙ ጉንፔ ዮኮይ ነው። በኪስና በእጅ የሚያዘውን የኤሌክትሮኒክ መጫወቻ ለዓለም ልጆች ካደረሱት ሰዎች መካከል የመጀመሪያውን ስፍራ የያዘ እርሱ ነው።

እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ኤሌክትሪክ ዕቃ ለመጻፍ መነሣታችን የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንንና እኅቶቻችንን ፈገግ ሊያሰኛቸው ይችል ይሆናል። ይሁን እንጂ የሰው ሕይወት የማንም ፋኩልቲ ርስት ስላልሆነ ድፍረታችንን ይቅር እንዲሉን እንለምናለን። ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ዮኮይ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1941 በጥንታዊቱ በኪዮቶ ከተማ ተወለደ። በዚያው ከተማ በሚገኘው በዶሺሻ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሮኒክስ ተማረ። በፈተና ከጓደኞቹ ቀድሞ የሚታይ ተማሪ አልነበረም። ታላላቆቹ የኤሌክትሪክ ዕቃ ኩባንያዎችም በራቸውን አልከፈቱለትም። ስለዚህ በ1965 ከኪዮቶ ሳይወጣ ኒንቴንዶ በሚባል ኩባንያ ተቀጠረ። ኒንቴንዶ በ1889 የተቋቋመ፣ የመጫወቻ ካርታ እየሠራ የሚሸጥ ቤት ነበር። የዮኮይም ሥራ ካርታ የሚሠሩትን የፋብሪካ መኪናዎች መጠበቅና ሲበላሹ መጠገን ነበር። ዲግሪ ለያዘ ሰው ይህ እንደ ትልቅ ማዕርግ የሚቈጠር አልነበረም።

መኪናዎቹ ደኅና በሚሠሩበት ጊዜ ጠጋኙ ሥራ ይፈታል። ዮኮይም ሥራ ሲፈታ ጊዜውን የሚያሳልፍበት መጫወቻ ለራሱ ይሠራ ጀመር። ከሠራቸው አንዱ እንደ መቀስ የተጠላለፉ ዘንጎች ያሉት፣ እጀታው ሲጨበጥ እየተዘረጋ ራቅ ያለውን ነገር የሚይዝ ሰው ሠራሽ እጅ ነበር። በ1966 የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሂሮሺ ያማውቺ ፋብሪካውን ሲጎበኝ ይህን ዕቃ አየ። በሥራ ሰዓት መጫወቻ ሲሠራ የተገኘ ወጣት ተግሣጽ ቢጠብቅ አይፈረድበትም። ያማውቺ ግን ዕቃውን ለገና ገበያ እንዲያደርሰው አዘዘው። መጫወቻው አልትራ ሃንድ ተብሎ ወጣ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይም ተሸጠ። መኪና ጠባቂው ከዚያን ቀን ጀምሮ አዳዲስ መጫወቻ ፈልሳፊ ሆነ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት እንፈልጋለን። ከመካከላችን አንዳንዶቻችን በተማርንበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መሣሪያዎች እንዳይሰበሩ ተብሎ በቁም ሣጥን ተቈልፎባቸው ነበር። አራት ዓመት ሙሉ በመስተዋቱ በኩል አየናቸው፤ አንድ ቀን እንኳ በእጃችን አልነካናቸውም። መሣሪያዎቹ ሳይሰበሩ ቀሩ፤ እኛም ሳናውቃቸው ወጣን። ከነዚያ መሣሪያዎች መካከል የኤሌክትሪክን መጠን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ ነበረ። ዮኮይ በ1969 ከእንዲህ ያለው መለኪያ ምን እንዳወጣ ባነበብን ጊዜ በመጠኑ ቀናን።

ያወጣው መጫወቻ ላቭ ቴስተር ይባል ነበር። ሁለት ሰዎች እጅ ለእጅ ይያያዙና በቀረው እጃቸው የመሣሪያውን ሁለት ጫፎች ይይዛሉ። በሰውነታቸው የሚያልፈውን እጅግ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል መርፌው ያሳያል፤ ተጫዋቾቹም ይህን እንደ ፍቅራቸው ልክ ይቈጥሩታል። መርፌው ፍቅርን እንደማይለካ ሠሪው አሳምሮ ያውቅ ነበር። ነገር ግን እጅ ለእጅ ለመያያዝ ምክንያት ላጡ ዐይናፋር ወጣቶች ምክንያት ሰጣቸው። መሣሪያው የቆየ፣ ጥቅሙ ግን አዲስ ነበር።

በ1972 ደግሞ ሌፍቲ የሚባል ከሩቅ የሚታዘዝ ትንሽ አውቶሞቢል አወጣ። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለው መጫወቻ ውድ ነበር፤ ምክንያቱም ለያንዳንዱ እንቅስቃሴ የተለየ የሬዲዮ ምልክት ያስፈልገዋል። ዮኮይ ምልክቶቹን ሁሉ አስወግዶ አንድ ብቻ አስቀረ። አውቶሞቢሉ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ሲታዘዝ ወደ ግራ ብቻ ይታጠፋል። በክብ መሮጫ ላይ ለሚደረግ እሽቅድምድም ከዚህ የበለጠ ምን ያስፈልጋል? ዋጋውም በዚሁ ወረደ።

ዮኮይ የሥራውን ደንብ የደረቀ ቴክኒክን ወደ ጎን ማሰብ ብለን ልንተረጕመው በምንችለው የጃፓንኛ አነጋገር ይገልጸው ነበር። የደረቀ ማለቱ አዲስነቱ ያለፈ፣ ጠባዩ የታወቀ፣ ዋጋውም የረከሰ ማለት ነው። ወደ ጎን ማሰብ ማለቱም ዕቃውን ካልታሰበበት ቦታ ማዋል ነው። ለጃፓኖቹ ይህ የደረቀ የሚለው ቃል የሞተ ተክል ሊያሳስባቸው ይችላል። እኛ ግን ማገዶውን እናስባለን፤ እርጥብ እንጨት ዐይን እስኪያስለቅስ ይጨሳል፣ የሚነደው የደረቀው ነው።

የዚህ ደንብ ትልቁ ፍሬ በባቡር ጉዞ ላይ ተፀነሰ ይባላል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ዮኮይ በፈጣኑ ባቡር ሲሄድ አንድ የደከመው ሠራተኛ የሒሳብ ማስያ መኪናውን ቁልፎች ያለ ዓላማ እየነካካ ጊዜውን ሲገፋ አየ። ያን ጊዜ ሻርፕና ካሲዮ በሒሳብ ማስያ ገበያ ብርቱ ውድድር ስለያዙ የማስያው መስኮትና ትንንሽ የኤሌክትሮኒክ ክፍሎች ዋጋቸው እጅግ ወርዶ ነበር። ዮኮይ እነዚህን ርካሽ ክፍሎች ወስዶ ከ1980 ጀምሮ ጌም ኤንድ ዎች የተባሉትን የኪስ መጫወቻዎች አወጣ፤ ሰዓትም ይነግሩ ነበር። በጠቅላላው 43.4 ሚሊዮን ተሸጡ። በ1982 በወጣው ዶንኪ ኮንግ በተባለው ላይ ደግሞ አውራ ጣት ብቻ ወደ አራቱም አቅጣጫ የምታዝበትን የመስቀል ቅርጽ ያለውን ቁልፍ ሠራ። ዛሬ አብዛኛውን የጨዋታ መሣሪያ ብንመለከት ይህን መስቀል ወይም ዘሩን እናገኝበታለን።

በ1989 ከሳቶሩ ኦካዳና ከሌሎች መሐንዲሶች ጋር የሠራው ጌም ቦይ ወጣ። መስኮቱ ቀለም የለውም፤ የሚያሳየው አራት ዐይነት ጥላ ብቻ ነው፤ ከውስጡም ብርሃን የለውም። የአታሪ ሊንክስ በዚያው ዓመት፣ የሴጋ ጌም ጊር በ1990 ባለ ቀለም መስኮት ይዘው በመጡ ጊዜ ጌም ቦይ ከነሱ አጠገብ ድኻ ይመስል ነበር። ዳሩ ግን ሁለቱ ባለጠጎች ስድስት ስድስት የባትሪ ድንጋይ እየጠየቁ በጥቂት ሰዓት ይጨርሱት ነበር። ጌም ቦይ በአራት ድንጋይ ከዐሥር ሰዓት በላይ ይሠራል፤ ዋጋውም ይቀንሳል። በአውበሬና በቀብሪ በያህ ገጠር ሬዲዮ አንጠልጥሎ ለሚሄድ ሰው የዚህን ትርጉም ማስረዳት አያሻንም፤ ድንጋይ የሚበላ ሬዲዮ ድምፁ ቢያምርም እዳ ነው። ጌም ቦይ በ1998 ከወጣው ባለ ቀለም ወንድሙ ጋር 118.69 ሚሊዮን ተሸጠ።

የዚህ ዕቃ ሕይወት ገበያው ሲያልቅ አላበቃም። በልዩ ልዩ አገር ያሉ ሰዎች እስከ ዛሬ ድረስ አሮጌ ጌም ቦይ ገዝተው ይከፍቱታል። በውስጡ ያለው ሥራ ለዐይን ግልጽ ነው፤ መስኮቱና ቁልፎቹ በአንድ ሰሌዳ፣ አንጎሉ በሌላ ሰሌዳ ሆነው በአንድ ጠፍጣፋ ገመድ ይገናኛሉ። ከፈሰሰ ድንጋይ የዛገውን መነካኪያ በኮምጣጤ ያጸዱታል። በመስኮቱ ላይ መስመር ሲጠፋ የገመዱን ሥር በጋለ መበየጃ ቀስ አድርገው ያሞቁትና መስመሩን ይመልሱታል። ሌሎች ደግሞ ብርሃን ያለው አዲስ መስኮትና እንደገና የሚሞላ ባትሪ ይጨምሩለታል፤ ሙዚቃ የሚደርሱበትም አሉ። ጠጋኝ የሠራው ዕቃ ለጠጋኝ ይመቻል ብንል የተጋነነ አይሆንም።

የዮኮይ ኑሮ ግን ሁሉ ድል አልነበረም። በ1995 ቨርቹዋል ቦይ የተባለውን መሣሪያ አወጣ። ተጫዋቹ ዐይኑን ወደ መሣሪያው አስጠግቶ ጥልቀት ያለው መስሎ የሚታይ ቀይ ሥዕል ይመለከታል። መብራቱ ርካሽና የታወቀ ነበር፤ እንደ ደንቡም የደረቀ ነበር። ነገር ግን መሣሪያው በጠረጴዛ ላይ ካልቆመ አይመችም፤ ተጫዋቹንም ከጓደኞቹ ለይቶ አንገቱን ያስደፋዋል። የተሸጠው ወደ 770 ሺህ ገደማ ብቻ ሲሆን ዓመት ሳይሞላው ሥራው ቆመ። እንግዲህ ርካሽነት ብቻውን ጥበብ አይሆንም፤ ሰው እንዴት እንደሚቀመጥና ከማን ጋር እንደሚጫወት ያላሰበ መሣሪያ በርካሽ ቢሠራም ይወድቃል።

በኦገስት 1996 ዮኮይ 31 ዓመት ካገለገለበት ቤት ወጥቶ በኪዮቶ ኮቶ የተባለ የራሱን ኩባንያ አቋቋመ። ለባንዳይ ኩባንያም ዋንደርስዋን በተባለ አዲስ የእጅ መጫወቻ ላይ ይሠራ ጀመር። ፍጻሜውን ግን አላየም። ኦክቶበር 4 ቀን 1997 በኢሺካዋ አውራ ጎዳና ላይ የተሳፈረበት አውቶሞቢል ከፊቱ ካለው ተሽከርካሪ ጋር ተጋጨ። ዮኮይ የደረሰውን ጉዳት ለማየት በወረደ ጊዜ ሌላ አውቶሞቢል ገጭቶ ገደለው። ዕድሜው 56 ዓመት ነበር። ዋንደርስዋን በ1999 ሲወጣ የሚፈልገው አንድ የባትሪ ድንጋይ ብቻ ነበር።

ይህን ታሪክ ስንጽፍ አንድ ነገር እንሰጋለን። የደረቀ ይበቃችኋል ተብሎ ለላቦራቶሪያችን አዲስ መሣሪያ መግዛት እንዲቀር የሚከራከር ሰው ዮኮይን ምስክር አድርጎ ሊጠራው ይችላል። አይሆንም። ዮኮይ ፋብሪካ ነበረው፣ ክፍሎቹን የሚያቀርቡለት ኩባንያዎች ነበሩት፣ ከሁሉም በላይ ሲጫወት አይቶ ያልቀጣው አለቃ ነበረው። ለእኛም የሚያስፈልገን መጀመሪያ የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎች ኅብረታችን አንድ አሳብ እናቀርባለን። በየመኝታ ክፍሉ ከአልጋ ሥር የተጣሉ የተበላሹ ስልኮች፣ ሬዲዮዎችና መጫወቻዎች ይሰብሰቡ። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መበየጃና ጥቂት ካቻቢቴ ይዘጋጅ። ከገበያው ጠጋኞችም ፈቃደኛ የሆኑት በቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአስተማሪነት ይጋበዙ፤ ሻይም ይቅረብላቸው። እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ለመማር ከፊተኛው ወንበር እንቀመጣለን። የምንሰብራቸው ዕቃዎች ቀድሞውንም የተሰበሩ ስለሆኑ የሚያስፈራን ነገር የለም።