ኩፋሌን በእንግሊዝኛ ያስነበቡት ቄስ

የማኅበራችን የኢዮቤልዩ ዝግጅት ሲጀመር፣ በቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት ቤታችን ከሚማሩት ልጆች አንዷ ኢዮቤልዩ ማለት ምን እንደሆነ ጠየቀችን። የሃምሳ ዓመት በዓል ነው አልናት። ከመካከላችን አንድ አባት ግን ወደ መጽሐፈ ኩፋሌ መሯት። በኩፋሌ አቆጣጠር አንድ ኢዮቤልዩ ሰባት ጊዜ ሰባት ነው፤ 49 ዓመት ማለት ነው። መጽሐፉም ከፍጥረት አንሥቶ እስራኤል ከነዓን እስኪገቡ ያለውን ዘመን በ50 ኢዮቤልዩ ከፍሎ ይተርካል። በዚያ ሒሳብ ብንሄድ በዓላችን ዓምና ባለፈ ነበር!

ልጅቷ እዚህ ናይሮቢ የተወለደች በመሆኗ እንግሊዝኛው ይቀላታል። ፈልጋ ያመጣችው የእንግሊዝኛ ኩፋሌ ስሙ ራሱ መጽሐፈ ኢዮቤልዩ ይላል። ተርጓሚው አር. ኤች. ቻርልስ ይባላሉ። ስለ እኚህ ሰው ጥቂት ለመጻፍ የተነሣነው በዚህ ምክንያት ነው። ዓመታቱን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባብያን ልብ ይበሉልን።

ሮበርት ሄንሪ ቻርልስ በኦገስት 1855 በአየርላንድ ሰሜናዊ ክፍል ኩክስታውን በምትባል ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ሐኪም ነበሩ። ወንድማቸው ሪቻርድ ሃቭሎክም የአባታቸውን ሙያ ይዘው የንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ የቀዶ ሕክምና ሐኪም እስከ መሆን ደርሰዋል። ሮበርት ግን ልባቸው ወደ ቋንቋ ነበር። በቤልፋስት ኩዊንስ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ የጥንቱን የግሪክና የላቲን ሥነ ጽሑፍ ተማሩ። ይህ ትምህርት ኋላ ለሠሩት ሥራ ሁሉ መሠረት ሆኗቸዋል፤ ከ1898 እስከ 1906 በዚያው በትሪኒቲ ኮሌጅ የመጽሐፍ ቅዱስ ግሪክኛ ፕሮፌሰር ነበሩ።

በ1883 በአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ዲቁና፣ በዓመቱ ደግሞ ቅስና ተቀበሉ። የመጀመሪያ ምድባቸው በምሥራቅ ለንደን ዋይትቻፕል ነበር። ዋይትቻፕል በዚያን ጊዜ የድኾች ሰፈር ነው፤ ከሩሲያ ግዛት የተሰደዱ አይሁድም የተጠጉበት ነበር። እኛ ስደትን የምናውቅ ሰዎች ሰፈሩን በዓይነ ኅሊናችን ለማየት አይቸግረንም። ከዚያ በሌሎች ሁለት የለንደን አጥቢያዎች አገለገሉ። በ1889 ግን የአጥቢያ አገልግሎታቸውን ትተው ወደ ጀርመን አገር ሄዱ፤ በ1891 ኦክስፎርድ ገብተው ተቀመጡ። ከእኛ መጻሕፍት ጋር ያላቸው ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

መጽሐፈ ሄኖክ በአውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት ጠፍቶ የነበረ መጽሐፍ ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ግን ከሰማንያ አንዱ ተቆጥሮ ሲገለበጥና ሲነበብ ኖሯል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1773 ሦስት ቅጂ ይዞ ወደ አውሮፓ ተመለሰ። በ1821 ሪቻርድ ሎረንስ የተባሉ ሌላ የአንግሊካን ቄስ ወደ እንግሊዝኛ ተረጎሙት። ከዚያ የጀርመኑ ሊቅ አውግስጦስ ዲልማን ተነሡ። በ1851 የሄኖክን የግእዝ ጽሑፍ አምስት ብራናዎች አስተያይተው አሳተሙ፤ ሰዋስውና መዝገበ ቃላትም አዘጋጁ። ያን ጊዜ ግእዝ ለሚማር አውሮፓዊ የኔታው የዲልማን መጽሐፍ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

ቻርልስ በ1893 አዲሱን የሄኖክ ትርጉማቸውን ሲያወጡ፣ ዲልማን ያላገኟቸው ብራናዎች በእጃቸው ነበሩ። እነዚህ ብራናዎች የነበሩት በለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም ነው። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ይዞ አፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ፣ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ወደዚያ ሙዚየም ገብተዋል። የሙዚየሙን የግእዝ መጻሕፍት ክምችት ያበዛው ይህ ዘረፋ ነው። እንግዲህ የቻርልስን ድካም ስናመሰግን፣ መጻሕፍቱ ከጠረጴዛቸው አጠገብ እንዴት እንደ ደረሱም አብረን ልንናገር ይገባል። ሁለቱም እውነት ነው፤ ለልጆቻችን አንዱን ነግረን ሌላውን ብንተው ደግ አይሆንም።

በ1895 ተራው የኩፋሌ ሆነ። ቻርልስ አራት ብራናዎችን አስተያይተው የግእዙን ጽሑፍ በኦክስፎርድ አሳተሙ፤ በርእሱ ላይም መጽሐፈ ኩፋሌ የሚለውን የግእዝ ስም አኖሩ። የእንግሊዝኛው ትርጉም ከማብራሪያ ጋር በ1902 ወጣ። በ1906 ደግሞ ወደ ሄኖክ ተመልሰው የግእዙን ጽሑፍ ከ23 ብራናዎች አሳተሙ። ሥራው ምን ያህል ዓይን እንደሚያደክም ብራና ያነበበ ያውቀዋል፤ አንዱን ቃል በ23 ቅጂ መፈለግ፣ ልዩነቱን ከገጹ ግርጌ መጻፍ፣ ከግሪኩና ከላቲኑ ቁራጭ ጋር ማመሳከር ነው። በ1913 ከሌሎች ሊቃውንት ጋር ሆነው ያዘጋጁት ባለ ሁለት ቅጽ ስብስብ ወጣ፤ ሄኖክና ኩፋሌም በእርሱ ገብተው በዓለም ቤተ መጻሕፍት ተሰራጩ። በ1916 የዮሐንስ ዘኒቅዩስን ዜና መዋዕል ተረጎሙ። ይህ መጽሐፍ ዐረቦች ግብፅን መያዛቸውን የሚተርክ ነው፤ ግሪኩም ዐረብኛውም ጠፍቶ የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው።

ጉድለታቸውንም አንደብቅም። ቻርልስ ጽሑፍን ለማረም እጃቸው ይፈጥን ነበር። በ1920 ባሳተሙት የዮሐንስ ራእይ ትርጓሜ የመጨረሻዎቹን ምዕራፎች ቅደም ተከተል ያዛባው አንድ ያልተማረ ደቀ መዝሙር ነው ብለው ራሳቸው እንደገና ደረደሯቸው፤ ብዙ ሊቃውንት አልተቀበሏቸውም። የእኛንም መጻሕፍት ያነበቡት ወደ ጠፋው ዕብራይስጥና አራማይክ ለመድረስ ነው። መጻሕፍቱን ለዘመናት ጠብቆ ያቆየው ማኅበረ ምእመናን እንዴት እንደሚያነባቸው፣ ሊቃውንቱስ እንዴት እንደሚተረጉሟቸው ለማወቅ የደከሙትን ያህል ደክመዋል ለማለት አንደፍርም።

በ1913 የዌስትሚንስተር አቢ ካነን ሆነው ወደ ለንደን ተመለሱ፤ በ1919 አርችዲከን ተባሉ። ስሙ ሊቀ ዲያቆናት ማለት ቢሆንም፣ በእነርሱ ዘንድ ለቄስ የሚሰጥ ሹመት ነው። እስከ ዕለተ ሞታቸው በዚያ ቤተ ክርስቲያን አገለገሉ። ስለ ፍችና ስለ ቁማርም መጻሕፍት አሳትመዋል። የቁማሩ መጽሐፍ የወጣው በ1924 ነው፤ በስልኩ ኳስ ሲያስይዝ የሚያመሽ ዘመድ ያለው ሁሉ ጉዳዩ እንዳላረጀ ይመሰክራል።

በዚያው በዌስትሚንስተር አቢ ከመቅደላ የተወሰደ ታቦት አለ። ቻርልስ ከመምጣታቸው አስቀድሞ የገባ ነው። ቀን የግእዝ ብራና ሲያስተያዩ የኖሩት ቄስ ዐሥራ ስምንት ዓመት ያህል ከዚህ ታቦት ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር አገለገሉ። የአቢው አስተዳደር ታቦቱን መመለስ ተገቢ መሆኑን በመርሕ ደረጃ የተቀበለው በ2024 ነው።

ቻርልስ በጃንዋሪ 1931 በ75 ዓመታቸው ዐረፉ፤ በዚያው በአቢው ተቀበሩ። ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች ጥንታውያን ጽሑፎች ሲገኙ፣ የኩፋሌ ቁርጥራጮች በዕብራይስጥ፣ የሄኖክም በአራማይክ ወጡ። ቻርልስ ኩፋሌ መጀመሪያ በዕብራይስጥ ተጽፏል ያሉት እውነት ሆነ። በሄኖክ ግን ብዙውን ክፍል ዕብራይስጥ ነው ብለው ስለ ነበር እዚያ ላይ ስተዋል። ያም ሆኖ ቁምራን የሰጠው ቁርጥራጭ ነው፤ ሁለቱን መጻሕፍት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያነብ ሰው ዛሬም የሚያነበው ከግእዝ ነው።

የቻርልስን የእንግሊዝኛ ኩፋሌ አባዝተን በማኅበሩ ቤተ መጻሕፍት ከአማርኛው ጎን አስቀምጠነዋል። ልጅቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱን ከፍታ፣ አማርኛው ሲከብዳት ወደ እንግሊዝኛው እያየች ታነባለች። ይህን ስንጽፍ ባቢሎን ግንብ ላይ ደርሳለች።